«ልጄ ነው የሚተረጉምልኝ»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ከመጣን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። እኔ አረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የመጀመሪያ ልጃችን 16 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገባ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም ደርሷል። ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ከጁን 15 ወዲህ ስልኩ አላረፈም። እስካሁን 11 ኮሌጆች ኦፈር ሰጥተውኛል ይለኛል። የበጋ ቡድኑ አሰልጣኝ ልጄን ለሦስት ዓመት በመኪናው ያመላለሰው ሰው ነው። አሁን ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ልጁ ሌላ ስቴት ወዳለ የቅርጫት ኳስ አዳሪ ትምህርት ቤት ይዛወር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ወኪል የማስታወቂያ ሥራ አመጣለታለሁ ብሎ የላከው 14 ገጽ ወረቀት ነው። አሰልጣኙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን መጥቶ ሊያስፈርመን ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ለሥራ ይበቃል እንጂ ለዚህ አይሆንም። ልጄ ነው የሚተረጉምልኝ። ባለቤቴ ‹ኳስ እንጀራ አይሆንም› ብሎ አንድ ቀን እንኳ ጨዋታውን አይቶለት አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ‹ሚሊየነር ልትሆኚ ነው› ይለኛል። ዓይን እንዳይገባው እፈራለሁ። እንፈርም? እንላከው? ባለቤቴንስ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ልጅ ልምምድ ማድረስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ልጅ እዚህ የደረሰው በእርስዎ እንቅልፍ ነው።

እሑድ አይፈርሙ። እሱን አስቀድሜ ልበል፤ ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ ግን ወረቀቱ አይደለም። በመሀል ጣል ያደረጓት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ልጄ ነው የሚተረጉምልኝ።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ቤተሰብ ልጃቸውን ኮሌጅ ሊያስጎበኙ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። አሰልጣኙ ቢሮ ተቀመጥን። ሰውየው ጨዋ ነው። ልጁን አሞገሰ፤ እናትየውን ስለ ቡና አፈላል ጠየቃት። ከዚያ «ፕሪፈርድ ዎክ-ኦን» የምትል ቃል ተናገረ። ልጁ ወደ እናቱ ዞረና «ቡድኑ ውስጥ ገብቻለሁ፤ በጣም ይፈልጉኛል» አላት። እናት እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል አለች። አሰልጣኙም እየሳቀ አጨበጨበ። ልጁ አልዋሸም። እሱ የገባው እንደዚያ ነው። የቃሉ ትርጉም ግን «ቡድኑ ውስጥ ቦታ ይኖርሃል፤ ስኮላርሺፕ ግን የለህም፤ የትምህርት ቤቱን ራስህ ትከፍላለህ» ነው። እኔም እልልታውን ማቋረጥ ከበደኝ። የነገርኳት መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ነው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። እስከ ቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። በመኪናው ውስጥ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ልጅዎ ጎበዝና ታማኝ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ገና 16 ዓመቱ ነው። የሚተረጉመው ስለ ራሱ ነው። የሚወደውን ነገር አጉልቶ ይሰማል፤ የሚያስፈራውን ይዘለዋል። እናቱ እንዳትጨነቅ ብሎም የሚደብቀው አይጠፋም። በዚያ ላይ ሸክሙን ያስቡት። አዋቂዎች ስለ ገንዘብ የሚነጋገሩትን ሁሉ በአንድ አፉ ለእናቱ፣ በአንድ አፉ ለአሰልጣኙ እያቀበለ ነው። ነገ ነገሩ ቢበላሽ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ልጁን ከአስተርጓሚነት ያውርዱት። አሰልጣኙም፣ የአሰልጣኙ ጓደኛም አስተርጓሚ አይሁን። ከጉዳዩ ምንም የማያገኝ ሰው ይፈልጉ። ከዘመድ ወይም ከሰንበቴ ማኅበርተኞች መካከል እዚህ አገር የተማረች፣ ምስጢር የምትጠብቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። የትምህርት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ መብት አለዎት። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር የፌዴራል ሕግ ግዴታቸው ነው። የእናንተው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያወጧቸውን ብዙ ሰነዶች በአማርኛም ያዘጋጃሉ። የልጁን የትምህርት አማካሪ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሏት። ኮሌጅ ሲጋብዛችሁም ይህንኑ አስቀድመው ይጠይቁ። ልጅዎን የሚፈልግ ኮሌጅ ይህ አይከብደውም።

አሁን «11 ኦፈር» ወደሚለው እንምጣ። ጁን 15 በአጋጣሚ የመጣ ቀን አይደለም። 10ኛ ክፍልን ለጨረሱ ወንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የዲቪዥን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) አሰልጣኞች መደወልና ቴክስት ማድረግ የሚፈቀድላቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ስልኩ እንደ እሳት አደጋ ቢሮ ቢጮህ አይደነቁ። ነገር ግን የጽሑፍ ኦፈር መስጠት የሚቻለው ልጁ 12ኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ዛሬ በእጁ ያለው በሙሉ የቃል ነው። የቃል ኦፈር ደግሞ ማንንም አያስርም። ኮሌጁንም አያስርም፤ ልጅዎንም አያስርም። አንዳንዱ አሰልጣኝ ከልቡ ነው። አንዳንዱ ግን ለአንድ ቦታ ለብዙ ልጆች ይደውላል።

ቦታው ራሱ ጠባብ ነው። አዲሱን ደንብ የተቀበለ የዲቪዥን 1 ቡድን መያዝ የሚችለው ቢበዛ 15 ተጫዋች ነው። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን ከየኮሌጁ በዝውውር ይሞላል፤ «ፖርታል» የሚሉት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አንድ ተጫዋች በትምህርቱ እስካልወደቀ ድረስ በየዓመቱ ቢዛወር እንኳ ከጨዋታ ውጭ መቀመጥ የለበትም። አሰልጣኞችም ከ18 ዓመት ልጅ ይልቅ የተፈተነ የ22 ዓመት ጎልማሳ ይመርጣሉ። የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ስሌት ከመቶ የሁለተኛ ደረጃ ወንድ ተጫዋቾች ዲቪዥን 1 የሚደርሰው አንድ ገደማ ነው። ልጅዎ ከዚያ አንዱ ለመሆን ተቃርቧል። እሰየው። አልደረሰም ግን።

ስለዚህ አሰልጣኝ በደወለ ቁጥር የሚጠየቁት ነገሮች አሉ። ስኮላርሺፑ ሙሉ ነው? ለስንት ዓመት ነው? በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ የሚያድሰው ማን ነው? የእሱን ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች አሏችሁ? እርስዎ ሌላ ሥራ አግኝተው ቢለቁ ልጄ ምን ይሆናል? ጉልበቱ ቢጎዳስ? ይህን የመጨረሻውን ሳያፍሩ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዥን 1 ኮሌጆች በስፖርት ለደረሰ ጉዳት ልጁ ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሕክምናውን እንዲሸፍኑ ደንብ ወጥቷል። አሰልጣኙ ሲመልስ ዓይኑን ይዩት። ጥሩ አሰልጣኝ እናት ስትጠይቀው ደስ ይለዋል።

ወረቀቱ። 14 ገጽ ወረቀት «የማስታወቂያ ሥራ» ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፤ «ኤንአይኤል» የሚባለው ይህ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ ይጠይቁ። ከዚያም በወረቀቱ ላይ «ወደፊት በቅርጫት ኳስ ከሚያገኘው ገቢ ሁሉ» የምትል ሐረግ መኖሯን ያስፈትሹ። ካለች አደጋ ነው። የማስታወቂያ ወኪል መያዝ ይፈቀዳል። ለፕሮፌሽናል ጨዋታ የሚደራደር ወኪል ግን አሁን ከያዘ የኮሌጅ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርዎ። ጀርቮን ዴክስተር ለፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወት ነበር። በ2022 አንድ ኩባንያ 436,485 ዶላር ሰጠው። ልጁ ደግሞ ወደፊት በፕሮፌሽናል የፉትቦል ሊጉ በኤንኤፍኤል ከሚያገኘው ደመወዝ ታክስ ሳይቆረጥ 15 በመቶውን ለ25 ዓመት ሊሰጥ ፈረመ። በዓመቱ የኤንኤፍኤሉ ቡድን ቺካጎ ቤርስ መለመለው። በዚያው በ2023 ውሉ ይፍረስልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። እህቴ፣ 25 ዓመት! ያን የፈረመው ኮሌጅ የገባ ወጣት ነው። የእርስዎ ልጅ ገና 11ኛ ክፍል ነው። ለአካለ መጠን ስላልደረሰም ብዕሩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ለዚህ ነው አሰልጣኙ እሑድ ቤታችሁ የሚመጣው።

ስለዚህ ወረቀቱን ይቀበሉ፤ ያመስግኑ፤ ለጠበቃ ያሳዩ። አሰልጣኙ የሚያመጣውን ጠበቃ ማለቴ አይደለም፤ የራሳችሁን ነው። ለሁለት ሰዓት ምክር የሚከፍሉት ገንዘብ ያማል፤ ቢሆንም ይክፈሉ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዕድሉ ያመልጣል» ከተባሉ ደግሞ ያምልጥ። በእውነት የሚፈለግ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ አይረሳም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሰው የሚያወራልዎት ግማሹ እውነት ነው። በ2025 ጁን ወር ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ለ2025–26 የአንድ ኮሌጅ ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ግን ይህ ለስፖርቱ ሁሉ ነው፤ ትልቁን ድርሻ ፉትቦል ይወስደዋል፤ ጣሪያው ድረስ መክፈል የሚችለውም ጥቂቱ ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ታክስ ያልተቆረጠለት ነው። ባለቤትዎ ከኡበር የሚመጣውን ፎርም ያውቁታል፤ ያው ነው። በኤፕሪል የሚመጣውን ዕዳ ያላሰበ ልጅ ዓመቱን በዕዳ ይጨርሳል።

በዲቪ መምጣታችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ መሥራትና መከፈል ይችላል። በተማሪ ቪዛ የሚመጡ ልጆች ግን እንደ ልብ መፈራረም አይችሉም፤ ቪዛቸውን ሊያበላሹ ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ልጅ ለማስመጣት የምታስቡ አንባቢዎች ይህን ያዙልኝ። ሌላም አለ። ልጁ 18 ሳይሞላው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዜግነት ብትወስዱ፣ ግሪን ካርድ ይዞ ከእናንተ ጋር የሚኖር ልጅ አብሮ ዜጋ ይሆናል። ማመልከቻውን እያስተላለፋችሁት ከሆነ አሁን አስገቡት።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከባድ ጥያቄ ነው። መልሱ «በፍጹም» ነው ብዬ ልሸውድዎ አልፈልግም። ኩፐር ፍላግ ከሜይን ስቴት፣ ኒውፖርት ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጥቶ ፍሎሪዳ የሚገኘው ሞንትቨርድ አካዳሚ ገባ። ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በ2025 የኤንቢኤ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) አንደኛ ሆኖ ዳላስ ወሰደው። ሠርቶለታል። ግን እናቱ ራሷ ለሜይን ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ የተጫወተች ናት። አሰልጣኝ ሲያወራ ጨዋታው ገብቷት ነው የምትሰማው።

ኬቨን ዱራንት ደግሞ የእናንተው አካባቢ ልጅ ነው፤ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ። አንድ ዓመት ቨርጂኒያ ኦክ ሂል አካዳሚ ሄደና ተመለሰ። የመጨረሻውን ዓመት የተጫወተው ከቤታችሁ ብዙም በማይርቀው ሮክቪል፣ ሞንትሮዝ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። ማርኬል ፉልትዝም አለላችሁ። ሃያትስቪል ያለው ዴማታ ትምህርት ቤት ሲማር 10ኛ ክፍል ላይ ዋናውን ቡድን አልገባም፤ ከታናናሾቹ ጋር ተጫወተ። በ2017 የድራፍቱ አንደኛ ሆነ። እናንተ ያላችሁበት ሰፈር በአገሪቱ ከታወቁት የቅርጫት ኳስ ሰፈሮች አንዱ ነው። እዚህ ሆኖ የማይታይ ልጅ ሌላ ስቴት ስለሄደ አይታይም። የእርስዎ ልጅ ደግሞ ታይቷል፤ 11 አሰልጣኝ ደውሎለታል። ታዲያ የሚሄደው ምን ፍለጋ ነው? ይህን ጥያቄ ለአሰልጣኙ ያቅርቡለት። መልሱ «ለመታየት» ከሆነ አይበቃም።

በቶሎ የወጣ ስም ዋስትና እንዳልሆነም ይወቁ። ኢሞኒ ቤትስ የሚባለው የሚሺጋን ልጅ በ15 ዓመቱ የስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ቀጣዩ ሌብሮን ተባለ። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ተወው። ሜምፊስ ገባ፤ ከዚያ ኢስተርን ሚሺጋን ሄደ። በ2023 ድራፍት 49ኛ ሆኖ ተመረጠ። ኤንቢኤ መድረስ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃለልኩትም። ግን ያ ልጅ በ15 ዓመቱ የተጫነበትን ያህል ስም ማንም ልጅ ሊሸከም አይገባውም።

ትምህርት ቤት ከመቀየሩ በፊት አንድ ወረቀት በእጅዎ ይግባ፤ ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም የኮርሶቹና የውጤቱ ዝርዝር። ዲቪዥን 1 ለመጫወት 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና የመሳሰሉት። ከነዚህ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀምር ማለቅ አለባቸው። የኮርሶቹ አማካይ ውጤት ከ2.3 መውረድ የለበትም። ልጁ ሲመጣ ኢሶል (እንግሊዝኛ ለሚማሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ) ክፍል ገብቶ ከነበረ የትኛው እንደሚቆጠርና እንደማይቆጠር አማካሪዋን ያስጠይቁ። ለልጅዎ የቀረው አንድ ዓመት ነው። በዚህ ዓመት መሀል ትምህርት ቤት ሲቀየር ኮርስ ሊጠፋ ይችላል። የሚሄድበት ትምህርት ቤት ኮርሶች በኤንሲኤኤ የጸደቁ ካልሆኑ ደግሞ ዓመቱ ሙሉ ባዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሳይጣራ ሻንጣ አይዘጋም።

ባለቤትዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ እሳቸው እንደ እንቅፋት ተጽፈዋል። እኔ ግን ወደድኳቸው። ቤት ውስጥ የሚጠራጠር ሰው መኖሩ አሁን ያስፈልጋችኋል። «ኳስ እንጀራ አይሆንም» የሚሉት ሰው 14 ገጽ ወረቀት ፊት ቢቀመጡ እርስዎ የማያዩትን ያያሉ። ስለዚህ አይሟገቷቸው። ሥራ ይስጧቸው። አንድ ደብተር ይግዙና «ማን ደወለ፣ መቼ ደወለ፣ ምን ቃል ገባ፤ አንተ ጻፍ» ይበሏቸው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ማለት የትምህርት፣ የመኝታ፣ የምግብና የመጽሐፍ ወጪ ማለት እንደሆነም ይንገሯቸው። እሳቸው የሚመኙለት ትምህርት የሚከፈለው በዚያች ኳስ ነው።

ጨዋታውን ስላለማየታቸው ደግሞ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። ጁላይ ላይ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድር ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሚነዱ ያውቃሉ መቼም። ኳስ የማይወዱ ሰው አይመስሉኝም፤ ይህኛውን ኳስ ስለማያውቁት ይሆናል። ልጁ ራሱ ይጥራቸው። «አባዬ፣ ማክሰኞ ሜዳችን ላይ ነው፤ ና» ይበላቸው። በእርስዎ አፍ ሲሆን ክርክር ነው። በልጁ አፍ ሲሆን ግብዣ ነው።

ስለ ዓይን ጠይቀውኛል። ጸበሉን ያስጠምቁት፤ በእምነትዎ አልገባም። የኦፈሩን ቁጥር ግን ለሰው አይናገሩ። «እግዚአብሔር ያውቃል፤ እየተማረ ነው» ብለው ይለፉ። ልጁም ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሚሊየነር ሳይሆን የእርስዎ ልጅ ሆኖ ይቁም።

እሑድ ሰውየው ሲመጣ ቡናው ይፈላ። ሦስት ዓመት ልጅዎን ያመላለሰ ሰው ነው፤ ክብር ይገባዋል። ልጁን ከእርስዎ ጎን ያስቀምጡት፤ ዳቦ ይቁረስ፤ አይተርጉም። አስተርጓሚዋ ከሰውየው ጎን ትቀመጥ። ደብተሩን ባለቤትዎ ይያዙ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እርስዎ ይጠይቁ፤ በአማርኛ። «ይህ ወረቀት የሚያበቃው መቼ ነው?» ይበሉት።